ኧርል ሰዘርላንድና የሆርሞን ሁለተኛው መልእክተኛ

በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ ስንዴ ሲያጭድ ማጭድ ጣቱን የቆረጠው ገበሬ ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ይገጥመዋል፤ ድንጋጤው አድሬናሊንን ወደ ደሙ ይለቃል፣ ቁስሉም በፕላትሌት መዘጋት ይጀምራል። ሁለቱን የሚያገናኘው መንገድ መታወቅ የጀመረው ግን ከደም ሳይሆን ከጉበት ጥናት ነው። ጥናቱን የመሩት ኧርል ሰዘርላንድ ናቸው።

ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1915 በካንሳስ ግዛት በበርሊንጌም ከተማ ተወለዱ። አባታቸው ግብርናን ሞክረው ኋላ ወደ ሱቅ ንግድ የገቡ ሰው ነበሩ። በ1942 በሴንት ልዊስ ከሚገኘው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ፤ በጦርነቱም በሐኪምነት አገልግለው ወደ ካርል ኮሪ ቤተ ሙከራ ተመለሱ። በ1953 ወደ ክሊቭላንድ ተዛወሩ።

በዘመኑ ብዙዎች ሆርሞን የሚሠራው ባልተሰበረ ሕዋስ ላይ ብቻ ነው ብለው ያምኑ ነበር። ሰዘርላንድና ባልደረባቸው ቴዎዶር ራል ጉበትን ፈጭተው ሆርሞን ጨመሩበት፤ ግላይኮጅንን የሚሰብረው ፎስፎሪሌዝ ነቃ። የሕዋስ ሽፋኑን ስብርባሪ በሴንትሪፉጅ ሲያስወግዱት ግን ሆርሞኑ ሥራ ፈታ። ከሁሉ ይልቅ የሚደነቀው ቀጣዩ እርምጃ ይመስለኛል፤ ሽፋኑን ለብቻው ከሆርሞንና ከኤቲፒ ጋር አቆይተው፣ ቅልቅሉን አፍልተው፣ ፈሳሹን ሽፋን ወደሌለው ክፍል ሲጨምሩት ኢንዛይሙ ነቃ። ፕሮቲን ሲፈላ ይበላሻል፤ ስለዚህ መልእክቱን ያደረሰው ሙቀት የማይበግረው ትንሽ ሞለኪውል መሆን ነበረበት። ይህም ሳይክሊክ ኤኤምፒ ነው።

አንድ ሞለኪውል የብዙ ሆርሞኖችን መልእክት እንዴት ይሸከማል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ፤ ተገቢም ነበር። ሰዘርላንድ ራሳቸው ተቀባዩ ሳይክሊክ ኤኤምፒን የሚሠራው ኢንዛይም አካል ሊሆን ይችላል ብለው ገምተው ነበር። በዚህ ተሳስተዋል። በሁለቱ መካከል የቆመውን ጂ ፕሮቲን በማግኘታቸው ማርቲን ሮድቤልና አልፍሬድ ጊልማን በ1994 ኖቤል ተሸለሙ። በፕላትሌት ላይ አድሬናሊን ጂአይ በተባለው ጂ ፕሮቲን አማካይነት ሳይክሊክ ኤኤምፒን ይቀንሳል፤ ሕዋሳቱም እርስ በርስ ለመያያዝ ይዘጋጃሉ። ፕሮስታሳይክሊን ደግሞ በጂኤስ በኩል መጠኑን ከፍ አድርጎ ያረጋጋቸዋል። ለልብ ሕመምተኞች የሚታዘዘው ክሎፒዶግሬል የሚዘጋውም ከጂአይ ጋር የተያያዘ ተቀባይ ነው።

ሰዘርላንድ በ1963 ወደ ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ ሄዱ፤ በ1971 የኖቤል ሽልማትን ብቻቸውን ተቀበሉ። በ1973 ወደ ማያሚ ተዛውረው፣ በቀጣዩ ዓመት በ58 ዓመታቸው በምግብ መውረጃ ቧንቧ ከባድ መድማት ሞቱ።