የዊልያም ሔርሽል ሕይወትና በባሌ ደጋ ቴሌስኮፕ የመምረጥ ጉዳይ

በሮቤና በጎባ ከተሞች ዙሪያ፣ ከእነርሱም በላይ ከባሕር ወለል 4,000 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተዘረጋው በሳነቴ አምባ ላይ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ባሉት ደረቅ ወራት የሚታየው የሌሊት ሰማይ እጅግ የጠራ ነው። ይህን ሰማይ ለተማሪዎቹ ለማሳየት የሚያስብ መምህር፣ ወይም በትርፍ ጊዜው ሥነ ፈለክን ለመከታተል የሚሻ ባለሙያ ቴሌስኮፕ ለመግዛት ሲነሣ፣ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ መስተዋቱ ስፋት ነው። ስለ መቆሚያው የሚያስበው ዘግይቶ ሲሆን፣ ያን ጊዜ ገንዘቡ አልቋል። ይህ አመዛዘን ምን ያህል እንደሚጎዳ ለመረዳት የዊልያም ሔርሽልን ሕይወት መመልከት ይበቃል። ሔርሽል በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ የበለጡ መስተዋቶችን በእጁ የሠራ፣ ትልቁም ትንሹም መሣሪያ የሚሰጠውን ጥቅምና የሚያስከትለውን ድካም በራሱ የቀመሰ ሰው ነበርና። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሔርሽል በኖቬምበር 15 ቀን 1738 በጀርመን አገር በሐኖቨር ከተማ ተወለደ። አባቱ በጦር ሠራዊት የሙዚቃ ጓድ ውስጥ ኦቦ የሚባለውን የትንፋሽ መሣሪያ ይጫወት ነበር። ልጁም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ በዚያው ጓድ ውስጥ ገባ። በ1757 ፈረንሳዮች ሐኖቨርን ድል ባደረጉ ጊዜ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግሮ፣ ኖታ በመገልበጥ፣ ሙዚቃ በማስተማርና በመድረስ ኑሮውን መሠረተ። በ1766 ባዝ በምትባለው ከተማ በአንድ ጸሎት ቤት የኦርጋን ተጫዋችነት ሥራ አገኘ። በ1772 እኅቱን ካሮሊንን ከሐኖቨር አምጥቶ ከእርሱ ጋር እንድትኖር አደረገ። ካሮሊን በመጀመሪያ የመጣችው ዘፋኝ ለመሆን ነበር፤ ኋላ ግን የወንድሟ የሥራ ጓደኛ፣ ጸሐፊና ራሷም ስመ ጥር የሰማይ ተመልካች ሆነች።

ሔርሽል ሥነ ፈለክን የጀመረው የ34 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ነው። በ1773 የሥነ ፈለክ መጽሐፍ ገዝቶ ማንበብ ጀመረ። በዚያን ጊዜ የነበሩት በሌንስ የሚሠሩ ቴሌስኮፖች እጅግ ረጃጅም ስለ ነበሩ፣ አቁሞ ወደሚፈለገው ኮከብ ማዞሩ አሰልቺ ሆነበት። ስለዚህ በመስተዋት የሚሠራ ትንሽ ቴሌስኮፕ ተከራየ፤ ጥቅሙንም ወዲያው አስተዋለ። ሰፊ መስተዋት ለመግዛት ቢያስብም ዋጋው ከአቅሙ በላይ ሆነበት። በዚህ ምክንያት የመሞረጃና የማለስለሻ ዕቃዎችን ገዝቶ ራሱ መሥራት ጀመረ።

የዚያ ዘመን የቴሌስኮፕ መስተዋት እንደ ዛሬው አልሙኒየም የተቀባ ብርጭቆ ሳይሆን ከመዳብና ከቆርቆሮ ማዕድን የተቀለጠ ብረት ነበር። ለማቅለጫው ቅርጽ የሚሆነው ጭቃ ከፈረስ ፋንድያ ይዘጋጅ ስለ ነበር፣ ካሮሊን ፋንድያውን እየወቀጠችና እየነፋች ታቀርብ ነበር። መስተዋቱን የማለስለሱ ሥራ ከተጀመረ በኋላ ሊቋረጥ ስለማይገባው፣ አንድ ጊዜ ሔርሽል ለ16 ሰዓት ያህል እጁን ሳያነሣ ሲሠራ እኅቱ እያጎረሰች እንደ መገበችው ታሪኩ ይገልጻል። በ1781 ወርዱ 90 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ መስተዋት ለማቅለጥ ሲሞክር ደግሞ የቀለጠው ብረት አፈትልኮ በቤቱ የድንጋይ ወለል ላይ ፈሰሰ። ድንጋዩም ከግለቱ የተነሣ እየፈነዳ በመፈናጠሩ፣ በዚያ የነበሩት ሁሉ ሸሽተው ለጥቂት አመለጡ።

ስሙን በዓለም ያስጠራው ግን ከእነዚህ ከባድ ሙከራዎች አንዱ አይደለም። በማርች 13 ቀን 1781 በቤቱ ጓሮ፣ የመስተዋቱ ወርድ 16 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ርዝመቱም 2 ሜትር ከሆነ ቴሌስኮፕ ጋር ሳለ፣ ከከዋክብት መካከል ነጥብ ያልሆነ፣ ክብ መልክ ያለው አንድ ነገር አየ። በመጀመሪያ ጅራታም ኮከብ መሰለው። ሌሎች ሊቃውንት ምሕዋሩን ባሰሉ ጊዜ ግን ከሳተርን ወዲያ የምትገኝ፣ እስከዚያ ቀን ድረስ ማንነቷ ያልታወቀ ፕላኔት መሆኗ ተረጋገጠ፤ ዩራኑስ የምትባለውም እርሷ ናት። ከሔርሽል በፊት ቢያንስ ከ1690 ጀምሮ ሌሎች ተመልካቾች ይህችን ፕላኔት አይተዋት ነበር፤ ነገር ግን ከተራ ኮከብ አልለዩአትም። ሔርሽል የለያት መስተዋቱ በጥንቃቄ የተሠራ በመሆኑና፣ ምስሉን ከ200 እጥፍ በላይ ሲያጎላ ቴሌስኮፑ ስለማይንቀጠቀጥበት ነው። መሣሪያው 200 ጊዜ ሲያጎላ መንቀጥቀጡንም 200 ጊዜ እንደሚያጎላ መዘንጋት አይገባም።

በ1782 ንጉሥ ጊዮርጊስ 3ኛ በዓመት 200 ፓውንድ ደመወዝ ስለ ቈረጠለት፣ ሔርሽል የሙዚቃ ሥራውን ትቶ ሙሉ ጊዜውን ለሰማይ ሰጠ። በ1783 የመስተዋቱ ወርድ 47 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 6 ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ ሠርቶ በእንጨት ማማ ላይ ሰቀለው። አሠራሩ ቀላል ነበር። ቧንቧውን ወደ ደቡብ አቅንቶ ያቆመውና በጥቂቱ ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ያንቀሳቅሰዋል፤ ምድር በምትሽከረከርበት ጊዜ ሰማዩ ራሱ በፊቱ ያልፋል። ያየውን ጮኾ ሲናገር፣ ካሮሊን በመስኮት አጠገብ ሆና ሰዓቱንና ቦታውን ትመዘግባለች። ሥራው አደጋ አልተለየውም። በ1783 የመጨረሻ ሌሊት በበረዶ ላይ ስትሮጥ በማማው ላይ የነበረ የብረት መንጠቆ እግሯን ወግቶ ክፉኛ አቁስሏታል። በዚህ መሣሪያ ሃያ ዓመት ያህል በመትጋት 2,500 የሚሆኑ ኔቡላዎችንና የከዋክብት ክምችቶችን መዝግበዋል። በ1787 ሁለት የዩራኑስ ጨረቃዎች የተገኙትም በዚሁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሔርሽል የበለጠ ተመኘ። ንጉሡ በሰጠው 4,000 ፓውንድ ርዝመቱ 12 ሜትር፣ የመስተዋቱ ወርድ 122 ሴንቲ ሜትር የሆነ ቴሌስኮፕ በ1789 ፈጸመ። በዚያው ዓመት ሁለት የሳተርን ጨረቃዎች አገኘ፤ ጎብኚዎችም ከሩቅ አገር እየመጡ ተደነቁበት። ነገር ግን ወደ አንድ ቶን የሚጠጋው መስተዋት በገዛ ክብደቱ ይጎብጥ፣ ቶሎም ይወይብ ነበር። ማማውን ለማዞር ሠራተኞች ያስፈልጋሉ፤ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ መሣሪያውን በማሰናዳት ብቻ ብዙ ሰዓት ያልፋል። ትልቁ ቴሌስኮፕ ከሁለተኛው ከ6 እጥፍ በላይ ብርሃን የሚሰበስብ ሆኖ ሳለ፣ ሔርሽል አብዛኛውን ሥራውን የሠራው በሁለተኛው ነው። ትልቁ በ1815 ለመጨረሻ ጊዜ አገለገለ፤ በ1839 ዓ.ም. ማለቂያም ልጁ ጆን አፈረሰው።

ሔርሽል በኦገስት 25 ቀን 1822 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። ልጁ ጆን ባለ 6 ሜትሩን ዓይነት ቴሌስኮፕ ይዞ ከ1834 እስከ 1838 በደቡብ አፍሪካ፣ በኬፕ በመቀመጥ፣ አባቱ ከእንግሊዝ ሊያየው ያልቻለውን የደቡብ ሰማይ መዘገበ። ትልቁን ግን ባሕር ለማሻገር ማንም አላሰበም።

ባሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ላይ ስለሚገኝ፣ አባትና ልጅ በሁለት አህጉር የተካፈሉት ሰማይ ከሞላ ጐደል ሁሉ ከአንድ ሥፍራ ይታያል። ነገር ግን ይኸው አቀማመጥ በመቆሚያ ምርጫ ላይ የራሱን ችግር ያመጣል። ከምድር ዘንግ ጋር ትይዩ ሆኖ ኮከቡን በአንድ ዘንግ ብቻ የሚከተለው መቆሚያ፣ በባሌ ዘንጉ ወደ መሬት በጣም አዘንብሎ በ7 ዲግሪ መቆም አለበት፤ ለሰሜን አገሮች ከተሠሩት መካከል እስከዚህ ዝቅ የማይሉ ብዙዎች ናቸው። ለማስተካከያ የሚያገለግለው የሰሜን ኮከብም ከአድማስ 7 ዲግሪ ብቻ ከፍ ስለሚል ከተራራና ከጭጋግ በስተጀርባ ይሰወራል። በአንጻሩ ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ የሚንቀሳቀሰው፣ የሔርሽልን የእንጨት ማማ የሚመስለው፣ ዶብሰን የሚባለው የሣጥን መቆሚያ ማስተካከያ አይሻም። ጉድለቱ ልክ አናት ላይ ያለን ኮከብ ለመከተል ማስቸገሩ ነው፤ 200 እጥፍ ሲጎላም ኮከቡ በአንድ ደቂቃ ገደማ ከዕይታ ስለሚወጣ በእጅ መግፋት ግድ ይሆናል። ፎቶግራፍ ለማንሣት ላላሰበ ሰው ይህ ቀላል ድካም ነው።

ስለዚህ ከጎባ ወደ ሳነቴ በመኪና ለሚወጣ የትምህርት ቤት ክበብ፣ አንድ ወይም ሁለት ሰው የሚሸከመው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር መስተዋት ያለው ቴሌስኮፕ በጽኑ የሣጥን መቆሚያ ላይ ቢሆን ይመረጣል። ከመግዛት በፊት ቧንቧውን በጣት መታ አድርጎ ምስሉ በአንድ ወይም በሁለት ሰኮንድ ውስጥ ረግቶ እንደሆነ ማየት ተገቢ ነው፤ የሳነቴ ነፋስ ከጣት ይበረታልና። የቀኑ ሙቀትና የሌሊቱ ቁር እጅግ ስለሚራራቁም፣ መስተዋቱ እስኪቀዘቅዝ ድረስ መሣሪያውን ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ሔርሽል በ122 ሴንቲ ሜትር መስተዋት የደከመበትን ትምህርት የባሌ መምህር በ20 ሴንቲ ሜትር ሊያገኘው ይችላል፤ ጠቃሚው ቴሌስኮፕ ሰማዩ በጠራበት ሌሊት ሁሉ ያለ ብዙ ድካም የሚወጣውና ጸንቶ የሚቆመው ነው።