አሕመድ ኢብን ጡሉንና መስጂዱ

መስጂድ ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው በስፋቱና በሚናራው ላይ ነው። በምን ገንዘብ እንደተሠራ የምንጠይቅ ጥቂቶች ነን። ከ1100 ዓመት በፊት የግብፅ ሙስሊሞች ግን ይህንኑ ጠይቀዋል፤ ያውም ስለ ገዥያቸው መስጂድ።

የአሕመድ አባት ጡሉን ቱርክ ሲሆን፣ ከቡኻራ ለኸሊፋው መእሙን ከተላኩት ባሮች አንዱ ነበር። አሕመድ በ220 ዓመተ ሂጅራ (እ.ኤ.አ. 835) ተወለደ፤ በሳመራ በወታደር መካከል አድጎ፣ ጠርሱስ ሄዶ ከዑለማ ተማረ። በ254 (868) የሌላ ሹም ምትክ ሆኖ ግብፅ ገባ። ብዙም ሳይቆይ ራሱን የቻለ ገዥ ሆነ፣ ሻምንም ያዘ፤ ከፉስጣጥ በስተሰሜን አል-ቀጣኢዕ የተባለች ከተማ ቆረቆረ። በነፃ የሚያክም ሐኪም ቤትም አሠራ። በሽተኛው ከዚያ የሚወጣው አንድ ዶሮና አንድ ዳቦ መብላት ሲችል ነበር ይባላል።

መስጂዱ በየሽኩር ኮረብታ ላይ በ263 (876) ተጀምሮ በረመዳን 265 (879) ተፈጸመ። ታሪክ ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት 300 ያህል የድንጋይ ዓምድ ያስፈልግ ነበር፤ ያን ያህል የሚገኘው ደግሞ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከፍርስራሾች ነው። አሕመድ ይህን ጠላ። በእስር ላይ የነበረ አንድ ክርስቲያን መሐንዲስ ይህን ሰምቶ፣ ከሚህራቡ ዓምዶች በቀር ያለ ዓምድ እሠራዋለሁ ሲል ላከበት፤ ተፈትቶም ሠራው። ስለዚህ ልብ በሉ፣ ያንን ሰፊ ጣሪያ የተሸከሙት በኖራ ቅብ የተለበጡ ወፋፍራም የሸክላ ጡብ ምሰሶዎች ናቸው። ሰሐኑ በየጎኑ 92 ሜትር ያህል ነው። በሦስት ወገን ሌላ የውጭ ግቢ ስላለው የገበያው ጫጫታ ሰጋጁን አይረብሸውም።

ሕዝቡ ግን አጉረመረመ። ሚህራቡ ትንሽ ነው፣ የውዱእ ቦታ የለውም፣ ከሁሉም በላይ ገንዘቡ ያጠራጥራል አለ። አሕመድ ገንዘቡ ከመሬት ከተገኘ ድልብ መሆኑን ለጀማዓው አስረዳ፤ የውዱኡን ቦታ መስጂዱ ከነጃሳ እንዲርቅ ብሎ ከኋላ አሠራው። እዚያም መድኃኒት ተቀመጠ፣ ለጁምዓም ሐኪም ተመደበ። በመጀመሪያው ጁምዓ ቃዲው በካር ኢብን ቁተይባ አሰገዱ፤ የኢማሙ ሻፊዒይ ደረሳ ረቢዕ ኢብን ሱለይማን ሐዲስ አስተማሩ።

ሰውየውን ግን ወሊይ አናድርገው፤ በእስር ቤቱ ብዙ ሰው አልቋል። አሕመድ ከኸሊፋው ወንድም ከሙወፈቅ ጋር ሲጣላ፣ ቃዲ በካር እንዲረግሙለት ፈለገ። እሳቸው እምቢ አሉ። በየዓመቱ የሰጣቸውን 1000 ዲናር መልሱ ቢላቸው፣ ከረጢቶቹን ማኅተማቸው ሳይፈታ አስረከቡት። አንዱንም አልነኩትም ነበር! አሕመድ ግን አሰራቸው። በ270 (884) እሱ ሞተ፤ እሳቸውም በዚያው ዓመት ተከተሉት።

በ292 (905) የአባሲዮች ጦር አል-ቀጣኢዕን ሲያፈርስ መስጂዱን አልነካም። እየቆየ ግን ሰው ራቀው። በ693 (1293) ሱልጣን በመግደል ያበረው አሚር ላጂን በዚያ ባዶ መስጂድ ተደበቀ፤ ከዳንኩ አድሰዋለሁ ብሎም ተሳለ። እሱ ራሱ ሱልጣን ሲሆን በ696 (1296) ስለቱን ፈጸመ። ዛሬ በሰሐኑ መካከል የሚታየው ባለ ጉልላት ቤት የእሱ ሥራ ነው።