ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌልና ስም ያልተገኘለት ድካማቸው

ወይዘሪት ፍሎረንስ ናይቲንጌል ሌሊት ፋኖስ ይዘው በቁስለኞች አልጋ መካከል ሲዘዋወሩ የሚያሳየው ሥዕል በዓለም የታወቀ ነው። ነገር ግን ከጦር ሜዳ ከተመለሱ በኋላ ራሳቸው ለብዙ ዘመን የአልጋ ቁራኛ እንደ ነበሩ የሚያውቀው ጥቂት ሰው ነው። ዛሬ ለአንባቢዎቻችን ልናወሳ የፈለግነው ይህንኑ ነው።

ወይዘሪት ናይቲንጌል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜይ 12 ቀን 1820 ዓ.ም. በኢጣሊያ አገር በፍሎረንስ ከተማ ከእንግሊዛውያን ባለጸጎች ተወለዱ። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸውም ዓመታት በዚሁ አቆጣጠር ናቸው። በ1854 የክራይሚያ ጦርነት በተፋፋመ ጊዜ 38 ሴቶች አስከትለው በቱርክ አገር ወደሚገኘው የስኩታሪ ጦር ሆስፒታል ሄዱ። በ1855 ባላክላቫ ላይ ሳሉ ብርቱ ትኩሳት ያዛቸው፤ ለሞት ከተቃረቡ በኋላ ተረፉ። ይሁን እንጂ ሕመሙ ፈጽሞ አልለቀቃቸውም።

በ1856 ወደ አገራቸው ተመለሱ፤ በማግሥቱ ዓመት ግን እንደ ገና ወደቁ። ልባቸው በኃይል ይመታ፣ ምግብ ያስጠላቸው፣ ጀርባቸውን ያማቸው ነበር፤ ከጥቂት ሰዎች ጋር መነጋገር እንኳ ያደክማቸው ነበር። በ1861 ለመራመድ እስከማይችሉ ድረስ ጸናባቸው። የሚያስደንቀው፣ ስለ ሕሙማን አያያዝ የጻፉት ዝነኛ መጽሐፍ የወጣው በ1859፣ በለንደን በቅዱስ ቶማስ ሆስፒታል የነርሶች ትምህርት ቤታቸው የተከፈተው በ1860፣ ሁሉም በሕመም ዘመናቸው መሆኑ ነው። እንዲህም ሆኖ አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ሕመማቸውን የመንፈስ ጭንቀት ወይም ሰበብ ነው ብለዋል። ወይዘሪት ናይቲንጌል በ1910 በ90 ዓመታቸው ዐረፉ።

በ1995 ዴቪድ ያንግ የተባሉ ሊቅ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ላይ ሕመሙ ብሩሴሎሲስ ሳይሆን አይቀርም ሲሉ ጻፉ። የዚህን በሽታ ጀርም ዶክተር ዴቪድ ብሩስ በማልታ አግኝተው በ1887 አስታውቀዋል፤ በ1905 ደግሞ በፍየል ወተት እንደሚተላለፍ ታወቀ። ዛሬ ሐኪሞች ሁለት ዓይነት አንቲባዮቲክ አጣምረው ቢያንስ ለ6 ሳምንት በመስጠት ያክሙታል። በእርሳቸው የሥራ ዘመን ግን ይህ አልነበረም፤ ፔኒሲሊን እንኳ የተገኘው በ1928 ነው።

ሆኖም ይህ ግምት እንጂ በምርመራ የተረጋገጠ አይደለም። ሥር የሰደደ የድካም ሕመም የሚባለው ሌላ በሽታ አለ፤ የልደታቸው ቀን ሜይ 12 የዚህ ሕመም መታሰቢያ ሆኗል። የዚህ ሕመም መንስኤ ገና በሚገባ አልታወቀም፤ አንቲባዮቲክም እንደሚያድነው አልተረጋገጠም። ያለ ምክንያት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ሆድን ከማወኩም በላይ ጀርሞችን መድኃኒቱን እንዲለምዱ ያደርጋል።

እንግዲህ ሁለቱ ሕመሞች በድካም ይመሳሰላሉ፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። የሚለያቸውም የደም ምርመራና የሐኪም ጥያቄ እንጂ ግምት አይደለም። በአገራችንም ብሩሴሎሲስ በከብቶች ላይ ይገኛል፤ ስለዚህ ያልፈላ ወተት ጠጥቶ ትኩሳትና ድካም የሚመላለስበት ሰው ይህንኑ ለሐኪሙ ሊነግር ይገባዋል። በግምት ከመድኃኒት ቤት እንክብል ገዝቶ መዋጥ ግን አይበጅም።

የሥራ ባልደረባችን ወይም የትምህርት ጓደኛችን ለወራት ደክሞኛል ቢለን፣ ሰነፍ ብለን ከመፍረዳችን በፊት ወደ ሐኪም እንሸኘው። ለዓለም ነርሶች መንገድ የከፈቱት ሴትም ሰበበኛ ተብለው ነበርና።