ሎርድ ኬልቪንና የባህር ስር ገመድ

ካሊብሬተርን ከኮምፒውተር ሆነን ስናዝዘው ሥራው ቀላል ይመስላል። ገመዱን ሰክተን 10 ቮልት አውጣ ብለን እንጽፍለታለን፣ ቀጥለን መውጫህን ክፈት እንለዋለን፣ እሱም ይታዘዛል። ታዲያ 10 ቮልት ስላዘዝን ብቻ ሽቦው ጫፍ ላይ 10 ቮልት አለ ማለት ነው? የለም። ሽቦዎቹ በድምሩ 0.1 ኦም ቢኖራቸውና 10 ሚሊአምፔር ቢያልፍባቸው 1 ሚሊቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። ይህ ከ10,000 አንድ እጅ ነው፤ ለካሊብሬሽን ደግሞ ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለት ሽቦ እንጨምርና የሴንስ ትእዛዝ እንልክለታለን፤ መሣሪያው ጫፍ ላይ የደረሰውን እየለካ የጎደለውን ይሞላል። ይህ የአራት ሽቦ አያያዝ ኬልቪን ይባላል። ለመሆኑ ሰውየው ማነው?

የመጀመሪያ ስሙ ዊሊያም ቶምሰን ነው። በ1824 ቤልፋስት ተወለደ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በ10 ዓመቱ ግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ የኛን ፍሬሽማኖች አስቡና ፍረዱ! ካምብሪጅም ተማረ። በ22 ዓመቱ ግላስጎው ፕሮፌሰር ሆኖ ለ53 ዓመት አስተማረ።

እኔን ግን የሳበኝ የአትላንቲክ ገመድ ታሪኩ ነው። አየርላንድንና ኒውፋውንድላንድን በቴሌግራፍ ለማገናኘት ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ገመድ ባህር ውስጥ መዘርጋት ነበረበት። ቶምሰን አስቀድሞ በስሌት እንዳሳየው፣ የገመዱ ርዝመት እጥፍ ሲሆን የምልክቱ መዘግየት አራት እጥፍ ይሆናል። የኩባንያው ኤሌክትሪሻን ዋይትሃውስ (በሙያው እንኳ ሐኪም ነበር) ይህን አልተቀበለም። የሱ ዘዴ ኃይል መጨመር ነበር።

ገመዱ ነሐሴ 1858 ተዘረጋ። ንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት የ98 ቃላት መልእክት ለመድረስ 16 ሰዓት ያህል ፈጀ። ዋይትሃውስ 2,000 ቮልት ገደማ ለቀቀበት፤ ገመዱም በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሞተ። እርግጥ ጥፋቱን በሙሉ በሱ ላይ መጫን ልክ አይመስለኝም፤ ገመዱ ሲሠራም ሲቀመጥም እንከን ነበረበት።

የቶምሰን መንገድ ሌላ ነው። ላኪው ይቀንስ፣ ተቀባዩ ይንቃ ነው ነገሩ። ትንሽ ማግኔት ከመስተዋት ጋር በቀጭን ክር አንጠልጥሎ መስተዋቱ ላይ ብርሃን አሳረፈበት። እምብዛም የማይታወቅ ከረንት እንኳ ሲመጣ መስተዋቱ ይዞራል፣ ብርሃኑም ስኬሉ ላይ ይሄዳል። በዚህ አላበቃም። የየፋብሪካው መዳብ ከረንት የማሳለፍ አቅሙ በጣም እንደሚለያይ ደርሶበት ስለነበር መዳቡ ሳይለካ አይገዛ አለ። ችግሩ አንዱ የሚለካበት ኦም ከሌላው ጋር አለመግጠሙ ነበር። በሱ ግፊት በ1861 የብሪታንያ የሳይንስ ማኅበር የኤሌክትሪክ መለኪያዎችን አንድ የሚያደርግ ኮሚቴ አቋቋመ። ለእኛ ትምህርት ክፍል ከሁሉም ሥራዎቹ ይሄኛው ይበልጣል ባይ ነኝ።

በ1866 ገመዱ ተሳካ፤ ቶምሰንም ሰር ተባለ። በ1892 ሎርድ ሲሆን ኬልቪን የሚለውን ስም የወሰደው በዩኒቨርሲቲው አጠገብ ከሚያልፈው ወንዝ ነው። በ1907 አርፎ ለንደን ዌስትሚኒስተር አቤይ፣ ኒውተን አጠገብ ተቀበረ።

የማትረሳኝ ግን አንዲት ሙከራ ናት። በዚያው 1866 ላቲመር ክላርክ የሚባል መሐንዲስ ሁለቱን የአትላንቲክ ገመዶች ኒውፋውንድላንድ ላይ አስገጠመ። እሱ አየርላንድ ሆኖ፣ ልብስ ሰፊ ጣቱ ላይ የሚያጠልቃትን የብር ቆብ ወሰደ። ውስጧ ትንሽ አሲድና ቁራጭ ዚንክ ጨምሮ ባትሪ አደረጋት። ከረንቱ አትላንቲክን ደርሶ መልስ አቋረጠና የቶምሰንን መስተዋት አዞረው።