የጥንት እንስሳትን አጽም ያነበበችው ሴት

ሜሪ አኒንግ እ.ኤ.አ. በ1799 በደቡብ እንግሊዝ የባሕር ዳርቻ በምትገኘው ላይም ሪጂስ ከተማ ተወለደች። አባቷ አናጺ ነበር፤ ከገደሉ ሥር ቅሪተ አካል እየለቀመም ለእንግዶች ይሸጥ ነበር። በ1810 ሲሞት ለቤተሰቡ የተረፈው ዕዳና ይኸው ሙያ ነው።

በቀጣዩ ዓመት ወንድሟ ጆሴፍ ከገደሉ ላይ አንድ ትልቅ የራስ ቅል አገኘ። ሜሪም በ1812 የቀረውን አጽም ከዚያው አስወጣች። ገላው ዓሣ ቢመስልም ተሳቢ እንስሳ ነበር፤ ሊቃውንት በኋላ ኢክትዮሳውር አሉት።

ሥራዋ ከባድ ነበር። የክረምት ማዕበል ገደሉን ሲንድ አዳዲስ አጥንቶች ብቅ ይላሉ፤ ባሕሩ ጠርጎ ሳይወስዳቸው መድረስ ያስፈልጋል። በ1833 የወረደው ናዳ ዘወትር የሚከተላትን ውሻ ሲገድል እርሷ ለጥቂት ተረፈች። ትምህርት ቤት ብዙም አልዘለቀችም። ዓሣ እየበለተች ግን የአጥንቶችን አገጣጠም በራሷ አጠናች።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1823 ነው። በዚያ ዓመት ያገኘችው ፕሌሲዮሳውር የተባለ የባሕር እንስሳ በአንገቱ ብቻ 35 ያህል አጥንቶች ነበሩት። የበሬም፣ የበግም፣ የሰውም፣ የረጅሙ ቀጭኔም አንገት የተሠራው ከሰባት አጥንቶች ነው፤ በዘመኑ የታወቁት ተሳቢ እንስሳትም የአንገት አጥንታቸው ጥቂት ነበር። ስለዚህ የፈረንሳዩ ስመ ጥር የአጥንት ሊቅ ዦርዥ ኩቪዬ አጽሙ የተቀጣጠለ እንዳይሆን ተጠራጠረ። ጥርጣሬው እውነት ቢሆን ኖሮ ከሜሪ የሚገዛ ባልኖረ፣ እንጀራዋም በተቋረጠ ነበር። አጽሙ ሲመረመር ግን እውነተኛ መሆኑ ተረጋገጠ፤ ኩቪዬም መሳሳቱን አመነ። በ1824 ግኝቱ በለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ፊት ሲቀርብ የሜሪ ስም አልተጠራም።

በኢክትዮሳውር ሆድ አካባቢ የሚገኙ ድንጋዮችንም አስተዋለች። ሲሰበሩ የዓሣ አጥንትና ቅርፊት ይገኝባቸዋል። ዊልያም በክላንድ የተባለው ሊቅ ይህን ይዞ በ1829 ድንጋዮቹ የደረቀ ዓይነ ምድር መሆናቸውን አስረዳ። የጥንቱ እንስሳ ምን ይበላ እንደነበር የታወቀውም በዚሁ ነው።

ሜሪ በ1847 በ47 ዓመቷ በጡት ካንሰር አረፈች። ማኅበሩ ለሴቶች አባልነት በሩን የከፈተው ከዚያ 72 ዓመት ቆይቶ ነው። ከገደሉ ያወጣቻቸው አጽሞች ግን ዛሬም በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ለጎብኚ ይታያሉ።