ዶክተር አክሊሉ ለማና የእንዶድ ምርምር

የኢትዮጵያ እናቶች ለዘመናት ልብስ ሲያጥቡበት የኖሩት እንዶድ ቢልሃርዚያን ለመከላከል እንደሚያገለግል በሳይንስ ያረጋገጡት ኢትዮጵያዊው ተመራማሪ ዶክተር አክሊሉ ለማ ናቸው።

እ.ኤ.አ በ1935 የተወለዱት ዶክተር አክሊሉ ከፍተኛ ትምህርታቸውን በአሜሪካ የተከታተሉ ሲሆን፣ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ያገኙት ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ነው።

ቢልሃርዚያ በወንዝና በሐይቅ በሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች አማካይነት ይተላለፋል። ከቀንድ አውጣው የሚወጣው የትሉ ዕጭ በቆዳ በኩል ወደ ሰውነት ይገባል። በመሆኑም ልብስ የሚያጥቡ ሴቶችና ውኃ ውስጥ የሚጫወቱ ሕጻናት በእጅጉ ለበሽታው ይጋለጣሉ።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ በ1964 በአድዋ ጥናት ሲያካሂዱ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ በታች በርካታ የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን አዩ። በሕይወት ያሉትን ሰብስበው የእንዶዱ አረፋ እንዲጨመርባቸው ሲያደርጉም ቀንድ አውጣዎቹ ብዙም ሳይቆዩ ሞቱ። ከውጭ የሚገባው ኬሚካል በዋጋው ውድነት ከድሃ አገሮች አቅም በላይ ስለነበር፣ በየጓሮው የሚበቅለው እንዶድ ትልቅ ተስፋ ሰጠ።

ይህንኑ ምርምር ለማስፋፋት በአዲስ አበባ የፓቶባዮሎጂ ኢንስቲትዩትን መሠረቱ። በአድዋ ለ5 ዓመታት በተካሄደው የመስክ ሙከራም ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 6 ዓመት ከሆናቸው ሕጻናት መካከል በበሽታው የተያዙት ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ዝቅ ብለዋል።

ይሁን እንጂ ውጤቱ በዓለም አቀፍ ደረጃ በቀላሉ ተቀባይነት አላገኘም። የእንዶድ ደኅንነት በውጭ ቤተ ሙከራዎች ይረጋገጥ የሚለው ጥያቄ ለዓመታት ሥራውን አዘገየ። ዶክተር አክሊሉ ግን የድሃ አገር ተመራማሪ በአገሩ ያገኘው ዕውቀት በእኩል ሚዛን እንዲመዘን ያለመታከት ተከራከሩ። እ.ኤ.አ በ1989 ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር አማራጭ ኖቤል በመባል የሚታወቀውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተቀበሉ። በተባበሩት መንግሥታት የሕጻናት መርጃ ድርጅት (ዩኒሴፍ) ሥር በጣሊያን ፍሎሬንስ በሚገኘው ዓለም አቀፍ የሕጻናት ልማት ማዕከልም በምክትል ዳይሬክተርነት አገልግለዋል።

ዶክተር አክሊሉ እ.ኤ.አ በ1997 ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በሕይወት ዘመናቸው ፕራዚኳንቴል የተባለው መድኃኒት ዋነኛው የመከላከያ ዘዴ በመሆኑ እንዶድ የታሰበለትን ያህል በስፋት ሥራ ላይ አልዋለም። መድኃኒቱ ግን ታማሚውን ቢፈውስም ወንዙን አያጸዳም፤ የዳነው ሕጻን ወደ ውኃው ሲመለስ ዳግም ይያዛል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2022 ባወጣው መመሪያ በሽታው ባለባቸው አካባቢዎች ከመድኃኒቱ ጎን ለጎን ቀንድ አውጣን የመቆጣጠር ሥራ እንዲከናወን መምከሩም የዶክተር አክሊሉን መነሻ ሐሳብ ተገቢነት ያሳያል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የመሠረቱት ተቋም ዛሬ በስማቸው ይጠራል።