ልጅን የመዘነ፣ ሚዛኑንም የጠረጠረ ሰው
የአልፍሬድ ቢኔ ሕይወት

ለማስተማር ልምምድ ወጥተን፣ ገና በሁለተኛው ሳምንት፣ እገሌ ጎበዝ ነው፣ እገሊት ግን ምንም አይገባትም ብለን ያልፈረድን ስንቶቻችን ነን? ፍርዱ ቀላል ነው። አንዴ ከመምህር አፍ ከወጣ በኋላ ግን ልጁን ከክፍል ወደ ክፍል ሲከተለው ይኖራል። ስለዚህ ለዛሬው ዓምዳችን የልጆችን የማሰብ ችሎታ በመለካት ስሙ በሰፊው የሚነሳውን የፈረንሳዊውን የሥነ ልቡና ሊቅ የአልፍሬድ ቢኔን ሕይወት መርጠናል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቢኔ በ1857 ኒስ በምትባለው የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። አባቱ ሐኪም፣ እናቱ ሠዓሊ ነበሩ። ሁለቱ በመለያየታቸው ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ፓሪስ ተምሮ በ1878 በሕግ ተመረቀ፤ ነገር ግን ልቡ በሕግ ሥራ አልረጋም። ሕክምና ጀመረ፤ እሱንም ተወው። ከዚያ በኋላ ምን አደረገ? በፓሪስ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ቁጭ ብሎ የሥነ ልቡና መጻሕፍትን ለብቻው ያነብ ጀመር። የሥነ ልቡናን ትምህርት የጀመረው እንግዲህ ያለ መምህር ነው ማለት ነው። መጻሕፍቱ ብዙ ዕውቀት ሰጡት፤ የራሱን ሐሳብ በጥንቃቄ የመፈተንን ልማድ ግን ያገኘው በኋላ፣ በመከራ ነው።

በ1883 ሳልፔትሪዬር በተባለው የፓሪስ ሆስፒታል፣ በዝነኛው የነርቭ ሐኪም በሻርኮ ዘንድ መሥራት ጀመረ። እዚያም ከባልደረባው ከፌሬ ጋር ሆኖ፣ በሂፕኖቲዝም በደነዘዘ በሽተኛ ላይ ማግኔት ሲንቀሳቀስ ሽባነቱ ከአንዱ የሰውነት ጎን ወደ ሌላው ይዛወራል ብሎ ጻፈ። የቤልጅጉ ሊቅ ዴልቤፍ ግን ቦታው ድረስ ሄዶ ተመለከተና ነገሩን አጋለጠ። በሽተኞቹ ከእነሱ ምን እንደሚጠበቅ ያውቁ ኖሯል፤ የሚታየው ለውጥ ከማግኔቱ ሳይሆን ከመርማሪዎቹ ፍላጎት የመጣ ነበር። ቢኔ መጀመሪያ ተከራከረ፤ ኋላ ግን ስሕተቱን አመነ። ለወጣት ተመራማሪ ይኼ ትልቅ ውርደት ነው። እሱ ግን ውርደቱን ወደ ትምህርት ለወጠው፤ ጠያቂው ሳያውቀው መልሱን ለተጠያቂው ሹክ ሊል እንደሚችል ዕድሜውን ሙሉ አልረሳም።

ከሆስፒታሉ ከወጣ በኋላ ምርምሩን ወደ ቤቱ አመጣው። ሁለት ሴቶች ልጆች ነበሩት፤ ማድሌንና አሊስ። መራመድ ሲማሩ አስተዋላቸው። ማድሌን የያዘችውን ወንበር የምትለቀው ቀጥላ የምትይዘውን ነገር በቅርብ ካየች ብቻ ነበር፤ አሊስ ደግሞ ሳትፈራ ወደ ክፍሉ መኻል ትንገዳገዳለች። አንድ ቤት ያደጉ እኅትማማቾች እንዲህ ከተለያዩ፣ ልጅን ሁሉ በአንድ መልክ ማየት እንዴት ይቻላል? ይኼ ጥያቄ በ1903 ባሳተመው የማሰብ ችሎታ ጥናቱ ውስጥ ዋናውን ስፍራ ያዘ።

በ1891 በሶርቦን የሥነ ልቡና ላቦራቶሪ ያለ ደመወዝ ገባ፤ ኋላም ዲሬክተሩ ሆነ። በ1894 የዶክትሬት ማዕረግ ያገኘው፣ የሚገርመው፣ በነፍሳት የነርቭ ሥርዓት ላይ ባደረገው ጥናት ነው። ሕግ፣ ሕክምና፣ ነፍሳት፣ የሰው ልቡና፤ መንገዱ ቀጥ ያለ አልነበረም። የፕሮፌሰርነት ወንበር ተመኝቶ በፈረንሳይ ሳያገኘው ቀርቷል።

በዚያ ዘመን የራስ ቅል መጠን የማሰብ ችሎታን ያሳያል የሚል እምነት ሰፊ ነበር። ቢኔም ወደ ትምህርት ቤት ሄዶ፣ መምህራን ጎበዝና ሰነፍ ብለው የለዩአቸውን ልጆች ጭንቅላት ለካ። ልዩነቱ ከቁም ነገር የሚገባ አልሆነም። ይባስ ብሎ የገዛ እጁን ጠረጠረ፤ ጎበዙ የትኛው እንደሆነ አስቀድሞ ማወቁ ልኬቱን ሳይታወቀው ሊያዛባው እንደሚችል ተገነዘበ፤ ይህንንም ሳይደብቅ ጻፈ። የማግኔቱ ትምህርት እዚህ ላይ ጠቀመው።

በ1904 የፈረንሳይ መንግሥት በመደበኛው ትምህርት መግፋት ያቃታቸውን ልጆች የሚመለከት ኮሚሲዮን አቋቋመ፤ ቢኔም አባል ሆነ። ጥያቄው ልዩ ርዳታ የሚያሻው ልጅ በምን ይታወቅ የሚል ነበር። መምህሩ ስለ ልጁ በሚሰማው ብቻ? ቢኔና ወጣቱ ሐኪም ቴዎዶር ሲሞን በ1905 ሠላሳ ጥያቄዎች ያሉበት መለኪያ አወጡ። የሚጀምረው የበራ ክብሪትን በዓይን ከመከተል ሲሆን፣ እያደር እየከበደ ይሄዳል። በ1908 ጥያቄዎቹን በዕድሜ ደለደሏቸው። ለምሳሌ የሦስት ዓመት ልጅ አፍንጫውን፣ ዓይኑንና አፉን እንዲያሳይ፣ የአምስት ዓመቱ ልጅ ደግሞ ከሁለት ነገሮች ከባዱን እንዲለይ ይጠየቃል።

ቢኔ መለኪያው የልጁን የዛሬ ደረጃ እንጂ የነገ ዕጣውን አይናገርም ይል ነበር። በ1909 ስለ ልጆች ባሳተመው መጽሐፍ የሰው የማሰብ ችሎታ ከተወሰነለት ልክ አያልፍም የሚለውን አስተሳሰብ አጥብቆ ነቀፈ። በተግባርም ወደ ኋላ የቀሩ ልጆች ትኩረታቸውን የሚያዳብሩበት ጨዋታ አቀረበ። ምልክት ሲሰጥ እንደ ሐውልት ቀጥ ብሎ መቆም፣ ውሃ የሞላ ብርጭቆ ሳያፈሱ ማድረስ፣ እንዲህ የመሰሉ። ከፊደሉ በፊት መማርን ማስተማር ይገባል ማለቱ ነው።

መለኪያውን በ1911 እንደገና አሻሽሎ በዚያው ዓመት፣ በጥቅምት ወር፣ በ54 ዓመቱ ሞተ። ከሞተ በኋላ በ1912 ጀርመናዊው ዊልያም ሽተርን የአእምሮን ዕድሜ በልደት ዕድሜ ማካፈልን አመጣ፤ አይ.ኪው. የሚባለው ቁጥር መነሻው ይኼ ነው። በአሜሪካም ጎዳርድና ተርማን መለኪያውን ይዘው የማሰብ ችሎታ በዘር የሚወረስና የማይለወጥ ነው ለማለት ተጠቀሙበት፤ ጎዳርድማ ከባሕር ማዶ የመጡ ስደተኞችን ሳይቀር ፈተነበት። ልጅን ለመርዳት የተሠራው መሣሪያ ሰውን መፈረጃ ሆነ።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ፈተና አንስጥ፣ ነጥብ አንመዝግብ ማለታችን አይደለም፤ ቢኔም ያለ መለኪያ አልሠራም። ግን ሰነፍ የምንለው ልጅ ፊት ስንቆም ሁለት ነገር እንጠይቅ። ይህን ውጤት ያመጣው ልጁ ነው ወይስ የእኛ ግምት? ደግሞስ ነጥቡን ከመዘገብን በኋላ ነገ ምን ልናደርግለት ነው? ሁለተኛውን ጥያቄ መመለስ ካቃተን፣ የሰጠነው ነጥብ ለልጁ ምን ይረባዋል?